ዊጋን በአንድ ዓመት አራት ዋንጫ ወሰደ፤ ራግቢ ሊግ የሚከታተል ሐበሻ እዚህ ቤት አለ?

የዊጋን ጎረቤት
ጥቅምት 4 ቀን 2017

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ቅዳሜ ማታ ኦልድ ትራፎርድ ነበርኩ፤ ድምፄ ዛሬ ሰኞም አልተመለሰም። ስለ ማንቸስተር ዩናይትድ አይደለም የማወራው። በዚያው ሜዳ በየዓመቱ የራግቢ ሊግ የፍጻሜ ጨዋታ ይደረጋል፣ ግራንድ ፋይናል ይሉታል። ዘንድሮ ዊጋን ዋሪየርስ ሃል ኪንግስተን ሮቨርስን 9 ለ 2 አሸንፎ ዋንጫውን አንሥቷል። 68,173 ሰው ገብቶ ነበር፤ እኔም ከነዚያ አንዱ ነበርኩ።

ከአምስተርዳም እስከ ሪያድ ስለ አርሰናል የሚጽፍ ሰው ሞልቷል። ይህን ጨዋታ በአማርኛ የጻፈ ሰው ግን ፈልጌ አጣሁ። ስለዚህ እኔው ልጀምረው።

ዊጋን በሰሜን እንግሊዝ ያለች ከተማ ናት፤ መርጬ አልመጣሁባትም። ቤት የሰጡኝ እዚያ ነው። በመጣሁ በሁለተኛው ወር ጎረቤቴ በሬን አንኳኩ። በወጣትነታቸው የከሰል ጉድጓድ ውስጥ የሠሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ሲናገሩ ግማሹ አይገባኝም ነበር። «ኳስ ትወዳለህ?» አሉኝ። እወዳለሁ አልኳቸው። ቀይና ነጭ ሻርፕ አንገቴ ላይ ጠምጥመው ይዘውኝ ሄዱ። ሜዳው ላይ የወጣችው ኳስ ሞላላ ነበረች። አላፈርኩም፣ ዝም ብዬ አየሁ፤ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ከመቀመጫዬ ተነሥቼ ነበር።

አሁን ወደ ዓመቱ ልግባ፤ ቀንና ዓመት የምጠራው በፈረንጆቹ ነው። በፈረንጆቹ የካቲት 24 ቀን 2024 የአውስትራሊያው ሻምፒዮን ፔንሪዝ ፓንተርስ ዊጋን ድረስ መጣ፤ የዓለም ክለቦች ግጥሚያ ነው። 16 ለ 12 አሸነፍን። መጨረሻው ደቂቃ ላይ የፔንሪዙ ቴይላን ሜይ ኳሱን መስመር ላይ ለማሳረፍ ተወረወረ፤ የእኛ ልጆች ከሥሩ ገቡ፤ ዳኞቹ በቪዲዮ ሲያዩ ጎረቤቴ የኮቴን እጅጌ ጨምድደው ይዘው ነበር። ጣታቸው ሲነጣ አየሁት። «አልገባም» ሲባል እጅጌዬን ሳይለቁ አለቀሱ።

ሰኔ 8 ዌምብሌይ ላይ ዋሪንግተንን 18 ለ 8 ረትተን ቻሌንጅ ካፕ የሚባለውን የጥሎ ማለፍ ዋንጫ ወሰድን፤ ለክለቡ 21ኛው ነው። እንቁጣጣሽ ካለፈ በሳምንቱ ሐሙስ ማታ ሳልፎርድን 64 ለ 0 አሸንፈን የሰንጠረዡን አንደኛነት ያዝን፤ ለዚህ የሚሰጠው ጋሻ ነው። ከዚያ ቅዳሜ ዕለት አራተኛው መጣ። ሱፐር ሊግ የሚባለው ከፍተኛው ሊጋችን ከተመሠረተበት ከ1996 ወዲህ አራቱንም በአንድ ዓመት የወሰደ ክለብ አልነበረም።

ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ተጫዋቻችን ቤቫን ፍሬንች ነው፣ ልክም ነው። የዌምብሌይም የኦልድ ትራፎርድም ኮከብ እሱ ነው። እኔ ግን አንድ ነገር ቆጥሬ እስካሁን እየገረመኝ ነው። የመጨረሻዎቹን ሦስት ጨዋታዎች ተመልከቱ፦ ሳልፎርድ 64 ለ 0፣ በግማሽ ፍጻሜ ሊ የሚባለው ክለብ 38 ለ 0፣ በፍጻሜው ሃል 9 ለ 2። 240 ደቂቃ ሙሉ አንድም ሰው መስመራችንን አልፎ ኳስ አላሳረፈም! የገባብን ሁለት ነጥብ ብቻ፣ እሱም በቅጣት ምት። ይህን ዓመት ያመጣው መከላከል ነው፤ ከዚህ የሚለይ ሐሳብ ያለው ካለ እዚሁ ይጻፍልኝ።


ጉለሌ ሜዳ
ጥቅምት 4 ቀን 2017

ወንድሜ እንኳን ደስ አለህ። እኔ ከአዲስ አበባ ነኝ። ራግቢ አንዳንዴ በዲኤስቲቪ አያለሁ ግን ዝም ብሎ ግፊያ ይመስለኛል። ራግቢ ሊግና ራግቢ የሚባሉት ሁለት ነገር ናቸው እንዴ? 9 ለ 2 የሚባል ውጤትስ እንዴት ይመጣል?


የዊጋን ጎረቤት
ጥቅምት 4 ቀን 2017

@ጉለሌ ሜዳ ጥሩ ጥያቄ ነው። አዎ፣ ሁለት ናቸው። የተለያዩት በ1895 ሃደርስፊልድ ውስጥ ጆርጅ በሚባል ሆቴል ነው። የሰሜን እንግሊዝ ክለቦች ተጫዋቾች የማዕድንና የፋብሪካ ሠራተኞች ነበሩ። ቅዳሜ ለመጫወት ሥራ ሲቀሩ ደሞዛቸው ይቆረጣል። ክለቦቹ የተቆረጠባቸውን እንክፈላቸው አሉ፤ የደቡቦቹ አለቆች እንቢ አሉ፤ ሰሜኖቹም ወጥተው የራሳቸውን ማኅበር አቋቋሙ። እንግዲህ ይህ ጨዋታ የተወለደው ከላብ አደር የቀን ሒሳብ ነው። ዊጋንም ያን ቀን ከወጡት አንዱ ነው። እኔን ወደዚህ ጨዋታ ይበልጥ ያቀረበኝ ይህ ታሪክ ነው።

ሌላኛው ራግቢ ዩኒየን ይባላል፤ በዚያ 15 ሰው ይጫወታል፣ በእኛ 13። የምትለው ግፊያ በብዛት ያለው በዚያኛው ነው። በእኛ አንድ ቡድን ኳስ ሲይዝ ስድስት ዕድል አለው። ኳስ የያዘው ተይዞ ሲወድቅ አንድ ይባላል፤ ይነሣል፣ ኳሷን በእግሩ ወደ ኋላ ያንከባልላል፣ ጨዋታ ይቀጥላል። ስድስተኛው ላይ ኳሷ ለተቃራኒ ትሰጣለች፤ ስለዚህ ብዙ ጊዜ አምስተኛው ካለቀ በኋላ አርቀው ይመቷታል።

ከባዱ እዚህ ነው፦ ሰውየው በወደቀ ቁጥር ተከላካዮቹ አሥር ሜትር ወደ ኋላ መመለስ አለባቸው። ሮጠህ ወጥተህ መቶ ኪሎ ሰው ትጥላለህ፣ ተነሥተህ አሥር ሜትር ወደ ኋላ ትሮጣለህ፣ እንደገና ትወጣለህ። ይህን 80 ደቂቃ። መስመርህ ላይ ሲደርሱብህ ደግሞ ሌላ ስድስት ዕድል ሊያገኙ ይችላሉ፤ ሳንባህ ሊፈነዳ እንደደረሰ ከፊትህ ላይ ታየዋለህ።

9 ለ 2ን ልፍታልህ፣ ሁሉም ዓይነት ነጥብ አለበትና። ኳሱን ከመስመሩ አሳልፎ መሬት ማስነካት ትራይ ይባላል፣ 4 ነጥብ ነው፤ ፍሬንች አገባ። ከዚያ በኋላ የሚመታው 2 ነው፤ ሃሪ ስሚዝ አገባ። ቅጣት ምት 2 ነው፤ ስሚዝ። ጨዋታው ሳይቆም ኳሷን መሬት ላይ አንጥሮ በቋሚዎቹ መሀል መምታት 1 ነው፤ አሁንም ስሚዝ። ተደምሮ ዘጠኝ።


ቀይ ደረት
ጥቅምት 5 ቀን 2017

እኔ ሃል ነው የምኖረው፣ ምሥራቁ በኩል። ቅዳሜ እኔም እዚያው ነበርኩ፣ በሌላኛው ወገን። ስለዚህ ይህን ስጽፍ ልቤ ከባድ ነው።

የክለባችን የመጀመሪያው ግራንድ ፋይናል ነበር። ሃል ከተማ በወንዝ የተከፈለ ነው፤ በምዕራብ ያለ የሃል ኤፍሲ ነው፣ በምሥራቅ ያለ የእኛ። በ1980 ሁለቱ ክለቦች ዌምብሌይ ላይ ሲገናኙ ከከተማው መውጫ መንገድ ዳር «የመጨረሻው ሰው ሲወጣ መብራቱን ያጥፋ» የሚል ጽሑፍ ተሰቅሎ ነበር። ያን ቀን 10 ለ 5 ያሸነፍነው እኛ ነን። እዚህ ከሽማግሌ ጋር ሻይ ከጠጣህ ያን ሳትሰማ አትነሣም። ከ1985 ወዲህ ግን ትልቅ ዋንጫ አላየንም። አርባ ዓመት ሊሞላው ነው።

@የዊጋን ጎረቤት ስለ መከላከሉ ያልከው ልክ ነው፣ ግን ግማሹን ብቻ ነው ያልከው። እኛም እኮ አንድ ትራይ ብቻ ነው የገባብን! ፍሬንች ባይኖር ያ ጨዋታ እስከ ነገ ያለ ትራይ ይቆይ ነበር። ሚኪ ሉዊስ የዓመቱ የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ነው፣ የሠፈራችን ልጅ ነው፣ እሱም ሞከረ። በሩ አልተከፈተም። ልዩነቱ አንድ ሰው ነው። አንድ ሰው ብቻ።


የሊድስ እህት
ጥቅምት 5 ቀን 2017

ሁላችሁም ስለ ፍሬንች ስትጽፉ የተሸለመው ሽልማት በማን ስም እንደሆነ አንዳችሁም አላነሣችሁም። ስለዚህ እኔ ልጻፍ።

የግራንድ ፋይናል ኮከብ ሽልማት ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ የሮብ ቡሮው ሽልማት ተብሏል። ሮብ የሊድስ ራይኖስ 7 ቁጥር ነበር። ቁመቱ 1.65 ሜትር፤ «ለዚህ ጨዋታ በጣም አጭር ነህ» ሲባል ያደገ ልጅ። ስምንት ግራንድ ፋይናል አሸንፏል። በ2019 መጨረሻ የነርቭና የጡንቻ በሽታ እንዳለበት ነገሩት፤ እንቅስቃሴን ቀስ በቀስ የሚነጥቅ፣ ቀጥሎ ድምፅን የሚወስድ በሽታ ነው። እኔ የምሠራው ሕሙማን በመንከባከብ ነው፤ ያ በሽታ ቤት ውስጥ ምን እንደሚያደርግ በቅርብ አይቻለሁ። ሰውየው አእምሮው ሙሉ ሆኖ፣ ሁሉን እየሰማ፣ ዓይኑ ብቻ ይቀራል።

የቡድን ጓደኛው ኬቨን ሲንፊልድ ለበሽታው ገንዘብ ለማሰባሰብ ማራቶን በማራቶን ላይ ሮጠ። ግንቦት 2023 በሊድስ ማራቶን ሮብን በጋሪ እየገፋ 42 ኪሎ ሜትሩን ጨረሰ። መስመሩ ጋ ሲደርሱ ቆመ፣ ሮብን ከጋሪው አነሣው፣ በክንዱ ታቅፎ አብረው ተሻገሩ። እኔ መንገድ ዳር ውሃ ከሚያድሉት ጋር ነበርኩ። እኛ ሩጫ የምናውቅ ሕዝብ ነን፤ የዚያን ቀኑን ዓይነት አጨራረስ ግን አይቼ አላውቅም።

ሮብ በፈረንጆቹ ሰኔ 2 ዐረፈ፣ 41 ዓመቱ ነበር። በማግሥቱ በስሙ ለሚገነባው የሕክምና ማዕከል ሊድስ ላይ የመሠረት ቁፋሮው ተጀመረ፤ ቤተሰቡ ቀኑ እንዳይለወጥ ፈልገው ነው። በሳምንቱ እናንተ ዌምብሌይ ስትገቡ ጨዋታው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጀመር ሲገባው ሰባት ደቂቃ ዘግይቶ ተጀመረ። ለ7 ቁጥሩ ነው። የዊጋኑም የዋሪንግተኑም ደጋፊ ተነሥቶ አጨበጨበ። ለእኔ የዘንድሮ ውድድር ዓመት ሲነሣ መጀመሪያ የሚመጣብኝ ያ ነው፣ ዋንጫው ሁለተኛ ነው።


የዊጋን ጎረቤት
ጥቅምት 5 ቀን 2017

እህቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ። ዌምብሌይ ነበርኩ። ጎረቤቴ ሊድስን ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲቃወሙ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ያን ዕለት ኮፍያቸውን አውልቀው ደረታቸው ላይ ይዘው ነበር። መጀመሪያ ላይ መጻፍ ነበረብኝ።


ፉትስክሬይ
ጥቅምት 6 ቀን 2017

ልጆቼ፣ ከሜልበርን ነው የምጽፈው። እዚህ 22 ዓመት ኖሬያለሁ፣ ልጆቼ ያደጉት ሜልበርን ስቶርምን እየደገፉ ነው። ፔንሪዝ ከአሥር ቀን በፊት 14 ለ 6 አሸንፎን አራተኛ ተከታታይ ዋንጫውን ወሰደ፤ ቤታችን ውስጥ እስካሁን ኀዘን ነው። ስለዚህ ለፔንሪዝ የማዳላበት ምክንያት የለኝም።

ነገር ግን እውነቱ ይነገር። የዓለም ክለቦች ግጥሚያ የሚደረገው የካቲት ላይ ነው፣ የአውስትራሊያ ክለቦች ሊጋቸውን ሳይጀምሩ፣ ገና ከእረፍት ተነሥተው። 24 ሰዓት ያህል በርረው ደርሰው በእንግሊዝ ብርድ ይጫወታሉ። የዊጋኑ ጄክ ዋርድል ትራይ ላይ እዚህ እስከ ዛሬ ይከራከራሉ፤ የሜይ ደግሞ ገብታ ነበር የሚል ሞልቷል። አራቱ ዋንጫ ትልቅ ነገር ነው፣ አልነሣችሁም። «የዓለም ምርጥ» የሚለው ላይ ግን ቀስ በሉ።


የዊጋን ጎረቤት
ጥቅምት 6 ቀን 2017

ጋሼ፣ አስተያየትዎን ከአክብሮት ጋር ተቀብያለሁ። ብርዱም በረራውም እውነት ነው። ነገር ግን ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት የእንግሊዙ ሴንት ሄለንስ እርስዎ ያሉትን በረራ በተቃራኒው በርሮ፣ ፔንሪዝ ድረስ ሄዶ፣ በአውስትራሊያ በጋ 13 ለ 12 አሸንፎ ተመልሷል። ፔንሪዝ በእነዚህ አራት የሻምፒዮንነት ዓመታት ይህችን አንዲት ዋንጫ ሁለት ጊዜ ሞክሮ፣ አንዴ በቤቱ አንዴ በእኛ ቤት፣ አላገኛትም።

በአንድ ነገር ግን ሁለቱ ክለቦች ይመሳሰሉብኛል። ፔንሪዝ የራሱን ሠፈር ልጆች አሳድጎ ነው እዚያ የደረሰ፣ ዊጋንም እንዲሁ። አምበላችን ሊያም ፋሬል የዊጋን ልጅ ነው፣ ከ2010 ጀምሮ ለዊጋን ይጫወታል። አሰልጣኙ ማት ፒት በፕሮፌሽናል ደረጃ ተጫውቶ አያውቅም፤ ታዳጊዎቹን ሲያሠለጥን የኖረ ሰው ነው። ጁኒየር ንሴምባ ደግሞ የዓመቱ ወጣት ተጫዋች ተብሏል። ዊጋን ተወልዶ ያደገ፣ ቤተሰቡ ከካሜሩን የሆነ ልጅ ነው። ኳስ ይዞ ሲሮጥ ሦስት ሰው ተንጠልጥሎበት ያያሉ። እኔ ካለሁበት ቦታ «ጁኒየር!» ብሎ የሚጮኸው ነጭ ሽማግሌ ሁሉ ነው።


የማንቸስተር ሌሊት
ጥቅምት 6 ቀን 2017

ሁላችሁም ደስ የሚል ነገር ጻፋችሁ፣ ግን ገንዘቡን ዘለላችሁት። የዊጋን ባለቤት ማይክ ዳንሰን ቢሊየነር ነው፤ የእግር ኳሱን ዊጋን አትሌቲክንም ይዟል። ሀብታም ያሸንፋል፣ አለቀ።


የዊጋን ጎረቤት
ጥቅምት 6 ቀን 2017

@የማንቸስተር ሌሊት ወንድሜ፣ እግር ኳስ ቢሆን ባልተከራከርኩህ። ራግቢ ሊግ ውስጥ ግን የደሞዝ ጣሪያ አለ፤ አንድ የሱፐር ሊግ ክለብ ለተጫዋቾቹ ሁሉ በዓመት የሚከፍለው በ2.1 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ የተወሰነ ነው። ለጥቂት ኮከቦች ልዩ ፈቃድ አለ፣ እሱን አልክድም። ያም ሆኖ የፕሪሚየር ሊግ አንድ ተጫዋች በጥቂት ወር የሚያገኘው ገንዘብ እዚህ የሠላሳ ሰው የዓመት ደሞዝ ነው። ሀብታም ባለቤት መኖሩ ክለቡ እንዳይዘጋ ያደርጋል፣ ታዳጊ ማሠልጠኛውን ይይዛል። ሜዳ ላይ 14ኛ ተጫዋች አይገዛም።

ስለ ገንዘብ ካነሣህ አይቀር፣ ዘንድሮ የስታዲየማችን ስም ተቀይሯል። እንደ ሌላው የባንክ ወይም የአውሮፕላን ድርጅት ስም አይደለም የተሰጠው። ብሪክ ኮሚዩኒቲ ስታዲየም ነው የሚባለው፤ ብሪክ ቤት ለሌላቸውና ለተቸገሩ የሚሠራ የዊጋን በጎ አድራጎት ድርጅት ነው። እኔ መጀመሪያ ስመጣ ብርድ ልብስና ማንቆርቆሪያ ያገኘሁት እንዲህ ካለ ቦታ ስለሆነ፣ ስሙን ከበሩ በላይ ሳነብ ዝም ብዬ አላልፍም።


ጉለሌ ሜዳ
ጥቅምት 7 ቀን 2017

የፍጻሜውን ቪዲዮ ፈልጌ አየሁ። ሁለት ጊዜ። አሥር ሜትር ወደ ኋላ የምትለውን ካወቅሁ በኋላ ሌላ ጨዋታ ሆነብኝ። ኳስ የሌለው ቡድን ላይ ነው ዓይኔ የሚሄደው።


ቬጋስ ታክሲ
የካቲት 23 ቀን 2017

እንኳን ለዓድዋ በዓል አደረሳችሁ! ይህን ክር ያገኘሁት «ዊጋን» ብዬ በአማርኛ ስፈልግ ነው፣ ምክንያቱም ሦስት ቀን ሙሉ ከዊጋን ሰው ሌላ አልጫንኩም። ትናንት አሌጂያንት ስታዲየም ዊጋንና ዋሪንግተን ተጫወቱ፣ 48 ለ 24። እኛ ላስ ቬጋስ ያለን ሐበሾች የታክሲ ሥራ ላይ ብዙ ነን፣ ሁላችንም ስንደዋወል የነበረው «እነዚህ ቀይና ነጭ የለበሱት እነማን ናቸው?» እየተባባልን ነው። አንድ አባትና ልጅ ከኤርፖርት ጭኜ ከየት እንደሆንኩ ጠየቁኝ። ኢትዮጵያ ስላቸው አባትየው «ጎረቤቴ ከእናንተ አገር ነው፣ አብረን ነው የምንቀመጠው» አለኝ። @የዊጋን ጎረቤት ያ ሰው የአንተ ሽማግሌ ይሆኑ ወይ? ሰባ የዘለሉ፣ ጠፍጣፋ ኮፍያ ያደረጉ።


የዊጋን ጎረቤት
የካቲት 24 ቀን 2017

እሳቸው ናቸው! ልጃቸው ትኬቱን ገዝቶላቸው ነው፤ እኔ ከሥራ ዕረፍት አልሰጡኝም። ወንድሜ፣ ስላደረስክልኝ እግዚአብሔር ያክብርህ።


ቀይ ደረት
ጥቅምት 3 ቀን 2018

ክሩን ላስነሣው ነው፤ ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ዓመት ጠብቄያለሁ።

ቅዳሜ ኦልድ ትራፎርድ፦ ሃል ኬአር (እኛ፣ ሃል ኪንግስተን ሮቨርስ) 24፣ ዊጋን 6።

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። በፈረንጆቹ ሰኔ 7 ዌምብሌይ ላይ ዋሪንግተን 6 ለ 2 ይመራናል። ደቂቃው 79። አጠገቤ ያለችው ልጅ ፊቷን በሻርፗ ሸፍና ነበር። ቶም ዴቪስ፣ እናንተ ዊጋን ያሳደጋችሁት ቶም ዴቪስ፣ የምትንከባለል ኳስ ላይ ወደቀባት፤ 6 ለ 6። ሚኪ ሉዊስ ከዚያ በኋላ ያለውን ሲመታ ማየት አልቻልኩም፣ ድምፁን ነው የሰማሁት። 8 ለ 6። አርባ ዓመት በአንድ ምት አለቀ። ከዚያ የሊጉ አንደኛነት፣ አሁን ደግሞ ግራንድ ፋይናል። አሰልጣኛችን ዊሊ ፒተርስ ሦስቱንም ሰጠን።

አምና «ልዩነቱ አንድ ሰው ነው» ብዬ ነበር። ተሳስቼ ነበር። ዘንድሮ እናንተን ስንይዛችሁ የገባኝ አንተ የጻፍከው ነው፤ ተነሥቶ፣ ተመልሶ፣ እንደገና መውጣት። እሱን ከእናንተ ነው የተማርነው።


የዊጋን ጎረቤት
ጥቅምት 3 ቀን 2018

ወንድሜ፣ ከልቤ እንኳን ደስ ያለህ። መሸነፍ ያማል፣ ቅዳሜ ሌሊት አልተኛሁም። ግን ከእናንተ ሌላ ማንም ባይወስደው እመርጣለሁ።

ዘንድሮ ለእኛም አንድ ደስታ መጥቷል። ቢሊ ቦስተን ሰር ተብለዋል፤ በ90 ዓመታቸው፣ ከራግቢ ሊግ ተጫዋች የመጀመሪያው። አባታቸው ከሴራሊዮን የመጡ፣ ካርዲፍ ወደብ አካባቢ የተወለዱ ጥቁር ልጅ ነበሩ። በ1953 ወደ ዊጋን መጥተው 478 ትራይ አገቡ። ሐውልታቸው መሀል ከተማ አለ፣ ኳስ አቅፈው ሲሮጡ። ክለቡ ያኔ የሚጫወትበት ሴንትራል ፓርክ ዛሬ ሱፐርማርኬት ነው፤ ሽንኩርት የምገዛው እዚያ ነው፤ ጎረቤቴ በገባን ቁጥር «ቢሊ እዚህ ጋ ነበር የሚያልፈው» እያሉ በጣታቸው ያሳዩኛል። ማዕረጉ የተሰማ ዕለት በሬን አንኳኩተው አንዲት ቃል ሳይናገሩ እጄን ጨበጡኝ።

በሚቀጥለው ዓመት እናንተ ጋ ስንጫወት ክሬቨን ፓርክ ልመጣ አስቤያለሁ፣ ሽማግሌውም ይመጣሉ። የት ነው የምትሆነው?


ቀይ ደረት
ጥቅምት 3 ቀን 2018

ምሥራቁ በኩል፣ መቆሚያው ላይ። ለአባታችን መቀመጫ እኔ አስይዛለሁ። ነፋሱ ከባሕር ነው የሚመጣው፣ ወፍራም ኮት ይልበሱ። ሻይ ይዤ እጠብቃችኋለሁ።